በመጥረግ የተቧጨረች መኪና

መኪናዋን የገዛኋት በዕቁብ ብርና ከዘመድ በተበደርኩት ገንዘብ ነው። ቶዮታ ያሪስ ናት። ቀለሟ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው። ስገዛት ኮፈኗ ላይ የሰማዩ ደመና ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ጠቆር ያለ ቀለም ብዙ እንክብካቤ እንደሚፈልግ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቢነግሩኝም የምሰማ አይመስለኝም። ወድጃት ነበር።

እጄ ከገባች ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆናት፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነገሩን አየሁት። ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ፊት ለፊት ቆማለች። ጥቅምት ነው። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይዋ ፍጥጥ ብላለች። ኮፈኑ ላይ የፀሐይዋ ነጸብራቅ እንደ አንድ ነጥብ ያበራል። በነጥቡ ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር አለ። ቀጫጭን፣ ክብ ክብ የሠሩ መስመሮች። ቆሻሻ መስሎኝ በአውራ ጣቴ አሸት አደረግኩት። አልለቀቀም። ራሴን ወዲህ ወዲያ ሳደርግ ድሩም አብሮኝ ይሄዳል። ጣሪያው ላይ አለ። በሮቹ ላይ አለ። የኋላው ኮፈን ላይ ደግሞ ይብሳል።

ማንም አልገጨኝም፤ የታከከኝም የለም። ሰፈር ውስጥ ስጠይቅ አንዱ «የፀሐይ ነው» አለኝ፣ ሌላው «ቀለሙ አርጅቶ ነው» አለኝ። አንድ ባቱራ ቤት፣ የመኪና አካል ጠግነው ቀለም የሚቀቡበት፣ ወስጄ ባሳያት ሙሉ ቀለም መቀባት አለባት ተባልኩ። ዋጋውን ሰምቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ከዚያ ለአክስቴ ልጅ ፎቶ ላክኩለት። ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። እዚያ መኪና አጥቦ፣ ፖሊሽ አድርጎ የሚያስረክብ ድርጅት ውስጥ ዓመታት ሠርቷል። ፎቶውን እንዳየ ደወለ። ስለ ሳሙናው ይጠይቀኛል ብዬ ነበር።

«በምንድን ነው የምታደርቃት?» አለኝ።

«በጨርቅ።»

«የምን ጨርቅ?»

መልስ አጣሁ። የምን ጨርቅ እንደሆነ አስቤው አላውቅም። ላቫጆ ስወስዳት ልጆቹ እጅ ላይ ያለው ጨርቅ ነው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ የግቢያችን ጥበቃ አባባ የሚጠርጉበት ጨርቅ አለ። አሮጌ ቲሸርት ይሁን የሰልባጅ ሹራብ ቅዳጅ፣ ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም።

«እሱ ነው እንግዲህ የቧጨራት» አለኝ። «መንገዱ አይደለም። ፀሐዩም አይደለም። ስትጠርጓት ነው።»

ይህን ካወቅኩ ሦስት ዓመት አልፏል። በነዚህ ዓመታት ብዙ ተሳስቼ፣ አንዴም የማይመለስ ጥፋት አጥፍቼ የተማርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው። መኪናችንን የምንጎዳት ስለምንወዳት ስለሆነ ነገሩ ያንገበግበኛል። ችላ ያልናት መኪና አትጠረግም፣ አትቧጨርም።

መጀመሪያ ቀለሙ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እሱን ካወቃችሁ ሌላው ሁሉ ራሱ ይገባችኋል። በአሁኑ ዘመን አብዛኞቹ መኪኖች ላይ ብረቱ መጀመሪያ ፕራይመር የሚባል የሥር ቅብ ይቀባል። ከዚያ ቀለሙ ይመጣል። ከላይ ደግሞ ክሊር የሚባል፣ ቀለም የሌለው፣ መስታወት የመሰለ ሽፋን አለ። የምናየው ብርቅርቅታ የክሊሩ ነው። ፀሐዩን የሚከላከልልንም እሱ ነው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው። አንድ ሚሊ ሜትር 1,000 ማይክሮን ነው፤ የራስ ፀጉራችን ወደ 70 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። ስለዚህ መኪናችን ላይ ያለው ብርቅርቅታ በሙሉ ከአንዲት ፀጉር ይቀጥናል።

አሁን አቧራውን አስቡት። አቧራ ውስጥ የአሸዋ ብናኝ አለ። አሸዋ ደግሞ አብዛኛው ኳርትዝ የሚባል ማዕድን ነው። የማዕድናት ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 ሲለካ ኳርትዝ 7 ላይ ነው የሚቀመጠው፤ መስታወት ይቧጭራል። አዲስ አበባ ላይ ግንባታ የሌለበት ሰፈር የለም። ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊቱን የቆመች መኪና ጠዋት ስም በጣት ሊጽፉባት ትደርሳለች። እዚያ ላይ ደረቅ ጨርቅ አንስቶ መጥረግ ማለት በብርጭቆ ወረቀት ቀስ አድርጎ እንደ ማሸት ነው። ጨርቁ የቱንም ያህል ለስላሳ ቢሆን ለውጥ የለውም። የሚቧጭረው በጨርቁና በቀለሙ መካከል የተያዘችው ብናኝ ናት።

ጭረቶቹ ክብ መስለው የሚታዩት ደግሞ በክብ ስለጠረግን ብቻ እንዳይመስላችሁ። በየአቅጣጫው የተበተኑ ናቸው። ከነሱ መካከል ብርሃኑን ወደ ዓይናችን የሚመልሱት ብርሃኑን አቋርጠው የተኙት ብቻ ስለሆኑ ነው ክብ ሠርተው የሚታዩን። ይህን ማወቁ ይጠቅማል። አንዳንዱ «በክብ አልጠርግም፣ በቀጥታ ነው የምጠርገው» ብሎ ይጽናናል። በቀጥታም ቢሆን ብናኟ ካለች ትቧጭራለች።

ከሁሉ የከበደኝ አባባን ማናገሩ ነበር። አባባ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይነሳሉ። በሃይላንድ ውኃ ይዘው ጨርቃቸውን ያርሳሉ። ከዚያ አምስት ስድስት መኪና በአንዱ ጨርቅ ይጠርጋሉ። የአንዱ መኪና አሸዋ ወደ ሌላው ይሄዳል። ግን ማንም አላዘዛቸውም፤ ከክብር የተነሳ ነው የሚያደርጉት። በወሩ መጨረሻ እያንዳንዳችን የምንሰጣቸው ትንሽ ነገር አለች።

«አባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ የእኔን አይጥረጓት» አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። «ምን አጠፋሁ ልጄ?»

ወደ ኮፈኑ ወስጄ ፀሐይዋን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ።

«ይኼን እኔ ነኝ ያደረግኩት?»

«እኔም ነኝ፣ ላቫጆውም ነው። የእርስዎ ብቻ አይደለም። የወር ብሩ እንደ ድሮው ነው፤ ብቻ አቧራዋን ለብሳ ትዋል።»

«አቧራ ለብሳ ስትወጣ ሰው ምን ይላል?» አሉኝ። ይህች ጥያቄ ናት ዋናዋ። ሁላችንም ጨርቅ የምናነሳው ሰው ምን ይላል ብለን ነው። እኔም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራ ቦታ ስደርስ አፍሬ ነበር። አሁን ግን እስከምታጠብ ድረስ አቧራዋን አልነካም። ፓራብሬዛውንና ስፖኪዮዎቹን ብቻ፣ ለማየት ስል፣ ውኃ አፍስሼ እጠርጋለሁ። ዝናብ ካባራ በኋላም ያው ነው። ዝናቡ አቧራውን አጥቦ የወሰደው ይመስላል እንጂ ስስ ጭቃ አድርጎ ነው የሚተወው። እሱን መጥረግ ከደረቁ አይሻልም።

ስለ ማጠቡ ብዙ አልልም፤ ዋናው ነገር ጥቂት ነው። ከሁሉ በፊት ውኃ ብቻ። በጨርቅ ሳይነካ፣ ከላይ ወደ ታች፣ አሸዋው እስኪወርድ። ላቫጆ ቤት ያለው በግፊት የሚረጨው ማሽን ለዚህ አሪፍ ነው። ቀጥሎ ሁለት ባልዲ። አንዱ የሳሙና፣ አንዱ ማጠቢያውን እያለቀለቃችሁ አሸዋውን የምታራግፉበት። የላይኛው አካል መጀመሪያ፣ ከበሩ አጋማሽ በታች ያለው መጨረሻ፣ ቸርኬው ደግሞ በሌላ ጨርቅና በሌላ ውኃ። ሳሙናው የመኪና ሻምፑ ቢሆን ይመረጣል። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቀለሙን ለመከላከል የተቀባውን ሰም ያጥበዋል፣ ያልሟሟ ቅንጣቱም ራሱ ይፈትጋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሁለት ባልዲ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ከነማለቅለቂያው በአራት ባልዲ ውኃ አጥቤያት አውቃለሁ።

ወደ ማድረቁ ልምጣ። እኔ እስከገባኝ ድረስ በጥንቃቄ አጥበው በማድረቁ ላይ የሚያበላሹ ሰዎች ብዙ ናቸው። ታጥባለች፣ ንጹሕ ናት፣ ስለዚህ እንደፈለጉ ማሸት ይቻላል ብለው ያስባሉ። ግን ፍጹም ንጹሕ የሆነች መኪና የለችም። ሁልጊዜ የቀረች ብናኝ አለች። የበር ጠርዝ ውስጥ የተደበቀ አሸዋ ከውኃው ጋር ይወርዳል። ስታደርቁ ደግሞ የሳሙናው ማሟለጫ የለም። ጨርቁና ቀለሙ በደረቁ ነው የሚገናኙት።

ስለዚህ ዘዴው ጨርቅ የሚሠራውን ሥራ መቀነስ ነው። ውኃው ራሱ ውኃውን ይዞ እንዲወርድ ታደርጋላችሁ። በመጨረሻው ማለቅለቅ ላይ ከውኃው ጎማ አፍ ላይ የሚረጨውን ነገር አውልቁት። ውኃው ዝም ብሎ፣ ያለ ግፊት፣ እንደ ስስ ጨርቅ ተዘርግቶ ይፍሰስ። ከጣሪያው መሐል ጀምሩ። ቀስ ብላችሁ ወደ ዳር አምጡት። ውኃ ውኃን ይስባል፤ ነጠብጣቦቹ ተያይዘው አብረው ይወርዳሉ። በተለይ ሰም የተቀባች ከሆነች ከዚህ በኋላ ላይዋ ላይ የሚቀረው ትንሽ ነው። የውኃ ጎማ ከሌለ በጆግም ይሠራል። አፉን ወደ ቀለሙ አስጠግታችሁ በዝግታ ማፍሰስ ነው።

ከዚያ ፎጣው። የአክስቴ ልጅ ሰው ሲመጣ ሁለት የማይክሮፋይበር፣ ማለትም ከጥጥ ሳይሆን በጣም ከቀጠነ ሰው ሠራሽ ክር የተሠራ፣ ፎጣ ላከልኝ። እዚህም መርካቶ ሱማሌ ተራ አካባቢና የመኪና ጌጣጌጥ በሚሸጡ ሱቆች ይገኛል፤ ግን በእጃችሁ ዳስሳችሁ ግዙ። ለማድረቂያ የሚሆነው ወፈር ያለው ነው። ማሸጊያው ላይ በካሬ ሜትር 500 ግራምና ከዚያ በላይ የሚል ካለ ጥሩ ነው። ለፖሊሽና ለሰም መጥረጊያ ከ300 እስከ 400 ይበቃል። ዳሩ ላይ የተሰፋውን ወፍራም ክርና የተንጠለጠለችውን ምልክት ተመልከቱ። ምልክቷን በመቀስ ቁረጧት። የዳር ስፌቱ ከሻከረ ለቀለም አታድርጉት፤ ለቸርኬ ይሁን።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። መኪናዋ ጥላ ሥር ትሁን፣ ኮፈኑ በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ ይሁን። ከመንገድ እንደመጣች የምትታጠብ መኪና ኮፈኗ ላይ ያለው ውኃ ሳትደርሱበት ይተናል። ማዕድኑ ብቻ ነጭ ክብ ሆኖ ይቀራል። ፎጣውን ሙሉ በሙሉ ዘርጉትና ጣሪያው ላይ አስተኙት። አንዴ ያዝ አድርጉት፤ ይጠጣ። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች ብቻ በጣት ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ ቀስ ብላችሁ ጎትቱት። እጃችሁን ፎጣው ላይ አታሳርፉ። የራሱ ክብደት ይበቃዋል። መጀመሪያ ቀን እጄ አላምን ብሎ ደጋግሜ ልጫነው ስል ነበር። ፎጣው ካለፈበት ቦታ ላይ ስስ እርጥበት ይቀራል፤ ያ በራሱ ደቂቃ ሳይሞላ ይተናል። እሱን ለማጥፋት መለስ ብላችሁ አትሹት።

በሮቹ ላይ መጎተት አያመችም። ፎጣውን አጥፋችሁ፣ ለስለስ አድርጋችሁ፣ ነካ ነካ አድርጉ። የሕፃን ፊት እንደምታደርቁት። ከበሩ አጋማሽ በታች ሌላ ፎጣ ይሁን፤ እዚያ ሁልጊዜ አሸዋ ይቀራል። የበሩን ውስጥ ጠርዝና ቸርኬውን ደግሞ በአሮጌው።

ካገኛችሁ፣ ለማድረቂያ የሚረጭ ፈሳሽ ሰም አለ። እያንዳንዱ በርና ኮፈን ላይ ሁለት ጊዜ ትረጩበታላችሁ፣ ከነውኃው። ፎጣው በጣም ይሟለጫል። እኔ እሱን ከጀመርኩ ወዲህ ልዩነቱን በዓይኔ አይቻለሁ።

ፎጣው መሬት ላይ ከወደቀ አለቀ። አራግፎ መቀጠል የለም። ይህን ላቫጆ ቤት ላሉ ልጆች ስነግራቸው መጀመሪያ እንደ ቅብጠት አዩት። አሁን ወደ ላቫጆ ስሄድ ሁለት ፎጣ ይዤ ነው የምሄደው። «እጠቡልኝ፣ ማድረቁን ለኔ ተዉት» እላቸዋለሁ። «ጋሼ፣ እኛ ቆመን እንይ እንዴ?» ብሎኝ ነበር አንዱ። አብሮኝ አንዱን ጫፍ ይዞ እንዲጎትት ጠየቅኩት። ለሁለት ሲጎተት እንዲያውም ይቀላል። ሒሳባቸውን አልቀንስም፣ ጉርሻውንም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ እርጥቧን ይዛችሁ ወደ መንገድ አትውጡ። አቧራ ይለጠፍባትና የታጠበችበት ከንቱ ይሆናል።

የስፖኪዮ ጉድጓድ፣ የበር እጀታ፣ የታርጋ ጀርባና የመብራት ዙሪያ ውኃ ደብቀው ይይዛሉ። ደርቃለች ብላችሁ ዞር ስትሉ ከስፖኪዮው ሥር አንድ ረጅም የውኃ መስመር በሩ ላይ ይወርዳል። ጎሚስታ ቤት ያለው ኮምፕረሰር እነዚህን ያራግፋል፤ እኔም ተጠቅሜበታለሁ። ነገር ግን የአንዳንዱ ኮምፕረሰር አየር ዘይትና የዛገ ውኃ ይዞ ይወጣል። መጀመሪያ ንጹሕ ወረቀት ላይ ንፉበት፤ ወረቀቱ ነጥብ ካወጣ ይቅር። የቤት መስኮት የሚጠረግበትን ላስቲክ ያለው መጥረጊያ ግን ለቀለም አታምጡት። አንዲት አሸዋ ከላስቲኩ ሥር ከገባች ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀጥ ያለ መስመር ትስላለች።

ደርቆ የቀረ ነጭ የውኃ ምልክት ካለ፣ በተለይ የጉድጓድ ውኃ ከሆነ ማዕድን ስለሚበዛው፣ አቼቶን ከውኃ ጋር እኩል ቀላቅላችሁ በእርጥብ ፎጣ ለአፍታ አሳርፉበት። ከዚያ በደንብ አለቅልቁት። ፀሐይ ላይ አታድርጉት። የቆየው ግን ክሊሩን በልቶት ይሆናል፤ እሱ በአቼቶ አይለቅም። የወፍ ኩስም እንዲሁ ነው። እርጥብ ፎጣ አስተኝታችሁ አምስት ደቂቃ ጠብቁት፤ ሲላላ አንሱት። በደረቁ አትፈቅፍቁት። ቀናትም አታሳድሩት።

ወደ ፖሊሹ እንምጣ። እዚህ ላይ ነው የማይመለሰውን ጥፋት ያጠፋሁት።

ፖሊሽ ጭረት አይሞላም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ፖሊሽ በጣም ደቃቅ መፈተጊያ ያለው ቅባት ነው። ከጭረቱ ዙሪያ ያለውን ክሊር ዝቅ አድርጎ ከጭረቱ ጋር እኩል ያደርገዋል። ማለትም ከዚያች ከፀጉር ከቀጠነችው ሽፋን ላይ ትንሽ ትንሽ ትወስዳላችሁ። ስለዚህ በየወሩ የሚደረግ ነገር አይደለም። ማድረቁ ካልተስተካከለ ደግሞ ፖሊሽ ማድረግ ክሊሩን በከንቱ መጨረስ ነው፤ በወሩ ድሩ ይመለሳል።

እኔ ቸኮልኩ። ባቱራ የሚሠራ ጓደኛዬ የሱፍ ክብ ያለው፣ በአንድ ቦታ የሚሽከረከር ማሽን አዋሰኝ። የሱፉ ክብ ስንት መኪና እንደሠራ አላውቅም። ከመንገድ ዳር የገዛሁትን ሻካራውን ቅባት ቀባሁና ጀመርኩ። ኮፈኑ መሐል ላይ አማረ፤ ልቤ ሞቀ። የግራው ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው የመኪናዋ አካል) ላይ፣ ከኮፈኑ ጋር የሚገናኝበት ከፍ ያለ ጠርዝ አለ። እዚያ ላይ ሦስት አራት ሰከንድ አቆየሁት። የተቃጠለ ፕላስቲክ የመሰለ ሽታ ሸተተኝ። ማሽኑን አነሳሁ። ነጩ ሱፍ ላይ ሰማያዊ ቀለም ነበረበት።

ሰማያዊ መታየት አልነበረበትም። ክሊር ያላት መኪና ፖሊሽ ስትደረግ ጨርቅ ላይ ቀለም አትለቅም። ቀለም ካያችሁ ክሊሩ አልቆ ቀለሙ ላይ ደርሳችኋል ማለት ነው። ጠርዙ ላይ የጣት ያህል ርዝመት ያለው ደብዛዛ ምልክት ቀረ። ዛሬም አለ። ጠርዝ ላይ ሽፋኑ ስስ ነው፤ ማሽኑም ኃይሉን በሙሉ የሚያሳርፈው እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ይህን ማንም ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ሁለት ብር በማያወጣ የወረቀት ፕላስተር ጠርዙን ሸፍኜ እተርፍ ነበር። ለዚህ ነው አሁን የምነግራችሁ።

በነገራችን ላይ፣ በአንዳንድ ነጭ ቶዮታዎች ላይ ክሊር የለም፤ ነጩ ቀለም ራሱ ነው የላይኛው ሽፋን። እነሱ ላይ ጨርቁ ነጭ ቢሆን አትደንግጡ። ቀለም ስለሆነ ይለቃል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ምንም አልነካሁም። የአክስቴ ልጅ ያለኝን እያደረግኩ ደግሜ ጀመርኩ። እሱ የመከረኝ ማሽን እየተሽከረከረ ወዲያ ወዲህም የሚንቀጠቀጥ ዓይነት ነው። በአንድ ቦታ ስለማይፈትግ ሙቀቱ አነስተኛ ነው፤ ለጀማሪ እሱ ይሻላል። ከአሜሪካ ልላክልህ ሲለኝ ግን አይሆንም አልኩት። የእዚያው መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ብዙ ሰው ከውጭ ያስመጣውን ማሽን እንደሰካው አቃጥሎታል። 220 የሚሠራ ፈልጌ ገዛሁ።

ማሽን ከማንሳት በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ጭረቱን በጥፍራችሁ ቀስ ብላችሁ ተሻገሩት። ጥፍራችሁን ከያዘው ጥልቅ ነው። በፖሊሽ አይጠፋም፤ ተዉት። ልታጠፉት ስትሞክሩ ክሊሩን ትጨርሳላችሁ። ሁለተኛ፣ መኪናዋ ታጥባ ከደረቀች በኋላ እጃችሁን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ ኮፈኑን ዳስሱ። ባዶ እጅ የማይሰማው ነገር በፌስታሉ ይሰማል። አሸዋ ላይ እንደመሄድ ኮስኮስ ካለ፣ ቀለሙ ላይ የተጣበቀ የብረት ብናኝ፣ የሬንጅ ወይም የቀለም ፍንጣቂ አለ። እሱን የሚያነሳ ክሌይ የሚባል፣ እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ነገር አለ። ሻምፑ ባለበት ውኃ ቀለሙን በደንብ አርጥባችሁ በቀላሉ ማንሸራተት ነው። መሬት ከወደቀ ይጣል፤ ታጥቦም አይመለስም። ይህን ሳታደርጉ ፖሊሽ ካደረጋችሁ ያንን ብናኝ በማሽን እየፈተጋችሁበት ነው።

ከዚያ ጠርዞችን፣ የበር እጀታዎችን፣ ጥቁር ፕላስቲኮችን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። ኮፈኑ ላይ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የምትሆን አንድ ቦታ ምረጡ። ከሁሉ ለስላሳውን ፖሊሽና ለስላሳውን ስፖንጅ ይዛችሁ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ሞክሩ። ስፖንጁ ላይ አራት የአተር ፍሬ የሚያህል ጠብታ ይበቃል። ማሽኑን ሳታስነሱ ቀቡት። አስነሱትና በዝግታ ሂዱ፤ በሰከንድ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር። እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን ግማሹን ይደርብ። ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ተመላለሱበት። አትጫኑት። በቃ። ከዚያ በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጥረጉና በእጅ ባትሪ ወይም በስልክ መብራት እዩት። ድሩ ከጠፋ ከዚህ የበለጠ ሻካራ ነገር አያስፈልጋችሁም። እኔ በለስላሳው ብቻ አብዛኛው ጠፋልኝ። ሻካራውን የገዛሁበት ብር ባከነ።

አንድ ማታለያ አለ፣ ተጠንቀቁ። ፖሊሽ ውስጥ ያለው ዘይት ጭረቱን ለጊዜው ይደብቀዋል። ሲጠረግ ያማረ ይመስላል፣ ሁለተኛ ስትታጠብ ድሩ ይመለሳል። ለዚህ አልኮልን ከውኃ ጋር ቀላቅላችሁ ቦታውን ጥረጉት። ዘይቱ ሲለቅ እውነተኛው መልክ ይታያል። አንድ ሰው መኪናችሁን ፖሊሽ አድርጎ ሲያስረክባችሁም በዚህ መፈተን ትችላላችሁ።

ኮፈኑን እየሠራሁ መብራት ጠፋ። ፖሊሹ ሳይደርቅ ቶሎ ጠረግኩት፣ ስፖንጁን ፌስታል ውስጥ ከተትኩት። ሥራው ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። በአንድ ቀን መኪናዋን በሙሉ ልጨርስ ብትሉ ክንዳችሁ ሲደክም ጥንቃቄያችሁም ይደክማል። የደከመ እጅ ነው ጠርዝ ላይ የሚቆየው።

የጥርስ ሳሙና ጭረት ያጠፋል የሚለውን እርሱት። መፈተጊያ አለው፣ እውነት ነው፤ ግን ለጥርስ የተሠራ ነው እንጂ ለክሊር አይደለም። ከአንዱ ጭረት ፋንታ ደብዛዛ ቦታ ይሰጣችኋል። ናፍጣ ነክሮ መጥረግም ለቅጽበት ያበራል። ግን አቧራ ይስባል፣ ላስቲክንም ይጎዳል።

ፖሊሹ ሲያልቅ ቀለሙ እርቃኑን ነው፤ ሰም ያስፈልገዋል። ካርናውባ የሚባለው ሰም ብራዚል ውስጥ ከሚበቅል ዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ነው። በእኛ ፀሐይ ሁለት ወር ከቆየ ጥሩ ነው። ሰው ሠራሾቹ ረዘም ይላሉ። የቱንም ብትመርጡ ስስ አድርጉት። የተቀባ እስከማይመስል ድረስ ስስ። ወፈር ብሎ የተቀባ ሰም ለመጥረግ ብዙ ማሸት ይፈልጋል። ማሸት ደግሞ የሸሸነው ነገር ነው። ደመና ሲመስል በንጹሕ ፎጣ አንሱት፣ ፎጣውን እየገለበጣችሁ። ከዚያ በኋላ ውኃ ስታፈሱባት ተንከባልሎ ይወርዳል። ማድረቁም በግማሽ ይቀላል።

አባባ አሁን ጠዋት ጠዋት አይጠርጓትም። ባለፈው ወር አንድ አዲስ ጎረቤት ጥቁር መኪናውን በደረቅ ጨርቅ ሲጠርግ አይተው «ልጄ፣ ቆይ፣ መጀመሪያ ውኃ» ሲሉት ሰማሁ።

የቀረው የፎጣዎቹ ነገር ነው። ከሌላ ልብስ ጋር አላጥባቸውም፤ የጥጥ ብናኝ ይይዛሉ። በፈሳሽ ሳሙናና ለብ ባለ ውኃ፣ ማለስለሻ ሳልጨምር። ማለስለሻው ክሩን ይሸፍነውና ውኃ መጠጣት ያቆማል። የፈላ ውኃም ክሩን ይጎዳዋል፤ የጋለ ካውያ ደግሞ ያቀልጠዋል። መጀመሪያ ባልኮኒ ላይ ነበር የማሰጣቸው። አንድ ቀን የደረቀ ፎጣ ሳራግፍ በብርሃኑ ውስጥ የወጣውን አቧራ አየሁ። አሁን መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ በሩን ዘግቼ ነው የማደርቃቸው። ሲደርቁ አጥፌ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አስቀምጣቸዋለሁ። የቀለሙ ለብቻ፣ የቸርኬው ለብቻ።